«ጌት» እና ሠላሳ ሁለቱ አንድም

ማንኩሳ በመምህርነት የተመደብሁ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር፣ የትምህርት ዕቅድ መያዣ ደብተርና ሽፋኑ የተገነጠለ የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መጽሐፍ አስረክበው አስፈረሙኝ። «የእንግሊዝኛው መምህር ከተቀየረ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ልጆቹ እንዳያስቸግሩህ» አሉኝ። ልጆቹ አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ መጽሐፉ ነው።

በመጀመሪያው ገጽ «ጌት» የሚል ቃል አለ። ማግኘት ማለት ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ከታች ባለው መስመር አንድ ልጅ ከመኝታው ሲነሣ «ጌት» ተባለ። ትምህርት ቤት ሲደርስም «ጌት»፣ ዝናብ ሲያበሰብሰውም «ጌት»። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ልጁ ዝናቡን አገኘው ነው የሚለው?» አለችኝ። «ነገ በሰፊው እናየዋለን» አልኋት። መምህር ሲጨንቀው የሚለውን ነገር የተማርሁት በመጀመሪያው ቀኔ ነው።

መዝገበ ቃላት ተውሼ ገለጥሁ። ቃሉ ገጾች ሞልቶ ቁጭ ብሏል። መቀበል፣ መግዛት፣ መያዝ፣ መረዳት፣ መሆን፣ ማስደረግ ይልና ይቀጥላል። ተመሳሳዮቹ ናቸው ተብለው የተደረደሩትን ቃላት ፍለጋ ብሄድ እነሱም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጭራሽ ግራ ገባኝ። ይህ ግራ መጋባት ጡረታ እስክወጣ አብሮኝ ኖረ።

ወደ አስኳላ ከመግባቴ በፊት የቤተ ክህነት ተማሪ ነበርሁ፤ ከአንድ የትርጓሜ መምህር እግር ሥር ሁለት ክረምት ተቀምጫለሁ። የትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ ይይዙና «አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደርባሉ። ተማሪው ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፍ በቃሉ ይይዛል። እኔ ከመካከል ጀምር ብባል አይሆንልኝም ነበር፤ ከላይ መነሣት አለብኝ። ሌላ የማስተማሪያ ዘዴ አላውቅምና «ጌት»ንም አንድም አልሁት።

«ጌት፤ አንድም ማግኘት፣ አንድም መቀበል፣ አንድም መግዛት» እያልሁ እመራለሁ፣ ስድሳ ልጅ ይቀበለኛል። ሠላሳ ሁለት አንድም አበጅቼ በካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ አለኝ። ርዕሰ መምህሩ የምዘና ቅጻቸውን ይዘው ሲገቡ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያወርደው ሰምተው «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ሞሉልኝ። ከጀማሪ መምህርነት ወደ መለስተኛ፣ ከመለስተኛ ወደ መምህር፣ እያልሁ ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ መሪ መምህርና የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆንሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «የኔታ ጌት» ይሉኝ ነበር። እሰማቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ አዳመጠና ሲወጣ «እንዲያው መምህር፣ እነዚህ ልጆች በእንግሊዝኛ ያወራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልሰማህም እንዴ ሲያወሩ?» አልሁት። «የሰማሁትማ ሲያዜሙ ነው» አለኝ። ተናደድሁ። ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሣሁት። ትክክል እንደነበረ ያወቅሁት በውድነሽ ነው።

ውድነሽ ከፈረስ ቤት የመጣች፣ በላብራቶሪ ሙያ የተመረቀች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሥራ ፈላጊዎች በምሰጠው ትምህርት ሠላሳ ሁለቱንም ያለ አንድ ግድፈት የምታወርድ እሷ ብቻ ነበረች። አባቷ ሥራ እንድትፈልግ አንድ ዓመት ፈቅደውላታል። ካልሆነ ተመልሳ የቀረበላትን ባል ልታገባ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቡሬ አዲስ ከተከፈተ የምግብ ማቀነባበሪያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። የላብራቶሪው ኃላፊ ፈረንጅ ነው፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አልሠጋሁም።

ተጠይቃ ስትመለስ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል።

«ምነው ልጄ? ከበደሽ?»

«አልከበደም የኔታ። እዚህ እንዴት መጣሽ ነው ያለኝ። ጌት አለበት።»

«ታዲያ ታውቂው የለም ወይ?»

«አውቀዋለሁ እንጅ። እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው አንድም ጀመርሁ፣ በሆዴ። አሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ ሰውየው ሌላ ተረኛ ይግባ አለ።»

በአውቶቡስ መጣሁ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። የደረደርሁላትን ደረጃ አንድ በአንድ ስትወርድ ሰውየው ጠብቆ ሰለቸው። እንዲህ አድርጋችሁ መልሱ ብዬ ያስተማርሁ ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ይዣት ቡሬ ሄድሁ። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ሰዒድ የቡሬ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡን።

«መምህር፣ እርስዎን አሳፍሮ መመለስ ይከብደኛል። ግና ልጅቱ ዝም አለች እኮ። ምን ብዬ ላስገባት?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይዶለም። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቅልኝ» አልሁ።

እሳቸው መልስ ሳይሰጡኝ ፈረንጁ ወረቀት ይዞ ገባ። አቶ ሰዒድ መምህሯ መሆኔን ነገሩት። ጨበጠኝና እንደሷ ያሉ ብዙ ተማሪዎች ይገጥሙኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው ውስጥ «ጌት» ነበረች።

አፌን ከፈትሁ። ሆዴ ውስጥ ግን አንድም ማግኘት፣ አንድም መቀበል እያለ ቆጠራው ተነሣ። ማቆም አቃተኝ። ሰውየው ይጠብቃል፣ አቶ ሰዒድ መሬት መሬት ያያሉ። ሰባተኛው ላይ ሳለሁ ላብ አጠመቀኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ውድነሽ ብድግ አለች። «ብዙ ተማሪዎች አሉት። ጥሩ መምህራችን ነው» አለችው በእንግሊዝኛ። ሰዋስዉ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ ግን ፈጥና ነው ያለችው። ፈረንጁ ወደ እሷ ዞሮ ሌላ ጠየቃት፣ መለሰች። ስለ ናሙና አወሳሰድ ጠየቃት፣ በእጇም ጭምር እያሳየች መለሰች። እኔ አጠገቧ ተገትሬያለሁ። በመጨረሻ አቶ ሰዒድ «በሙከራ ትግባ ብሏል» አሉኝ።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ «እንዴት አድርገሽ መለስሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔሳ ምኑን አውቄው። እርስዎ ሲያፍሩ ሳይ ደነገጥሁና አንድሙ ሁሉ ጠፋብኝ» አለችኝ።

ይህን ነገር ብዙ አሰብሁበት፣ አሁንም በደንብ አልገባኝም። ሠላሳ ሁለቱን ስታውቅ ዝም አለች፤ ሲጠፋባት ተናገረች። እኔ ደግሞ ያስተማርሁትን ሁሉ እያወቅሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር መመለስ አቃተኝ።

ለጀማሪ መምህራን የምለው ይህን ነው፦ የቃሉን አንዱን ትርጉም አስተምሩ። ተማሪው ይናገርበት፣ ይሳሳት፣ ይመልስበት። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ይድረስ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በተቃራኒው ሠራሁ። ውድነሽ ተመልሳ ስለነገረችኝ አወቅሁ። ሌሎቹ የት፣ ማን ፊት ዝም ብለው እንደቀሩ አላውቅም።