በጠበል ጠርሙስ ያስቀመጥኩት ኪኒን

ባለቤቴ አንኮበር ላይ ለብዙ ዘመን የቀደሱ ካህን ነበሩ። በመጨረሻው ክረምታቸው ሳንባቸውን ታመው ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ኪኒኑ አንድ አንዱ ለየብቻ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማሸጊያውን መፈልቀቅ አቃታቸው። እኔም አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ፈልቅቄ ጠበል በማመጣባት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። ጠርሙሷን ዘቅዝቄ አንጠፍጥፌያት ነበር። ውስጧ ጨርሶ አለመድረቁን አይቻለሁ፤ በረከቱ አይቅርባቸው ብዬ ተውኩት።

ልጃችን ደብረ ብርሃን በአንድ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ለፍልሰታ ስትመጣ አባቷ ስለ ሥራዋ ጠየቋት።

«አንዳንድ መድኃኒት ብቻውን ውኃ ውስጥ እሺ ብሎ አይሟሟም፣ አባባ። ፖሊመር ከሚባል ነገር ጋር አቅልጠን እናዋሕደዋለን፤ ያን ጊዜ ሰውነት ይቀበለዋል።»

«ተዋሕዶማ የእኛ ነው፤ አንቺ ቀላቀልን በዪ።»

«መቀላቀልማ ጤፍና አሸዋም ይቀላቀላል!»

«ቅኔ ቤት ገብተሽ ቢሆን መምህሩን ታስለቅሺ ነበር» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «መዋሐዱንስ በምን ታውቂያለሽ?»

«ስስ አድርገን መስታወት ላይ እናፈሰዋለን። ጥርት ብሎ ከቀረ ተዋሕዷል፤ ከደፈረሰ ተለያይቷል። ጥርት ያለውም ቢሆን እርጥበት ከገባበት ውሎ አድሮ ይለያያል። መድኃኒቱ እንደ ከረመ ማር ይረጋና ቢዋጥም ሳይሟሟ ያልፋል። የእርስዎም ኪኒን ከዚሁ ዓይነት ነው።»

ተነሥቼ ጠርሙሷን አመጣሁላት። ወደ መስኮቱ አዙራ አየቻት። ኪኒኖቹ ታች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ጠርሙሷን መልሳ ሰጠችኝ። ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባችና፣ «እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ከሐምሌ አቦ ወዲህ።»

«እርጥበት ነው» አለች። ጠበሉ ነው አላለችም። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ደርሳ ከሐኪሙ አዲስ ኪኒን አስወጣች፤ ከአሮጌው ሦስት ፍሬ ይዛ ሄዳለች።

ባለቤቴ ለአዲስ ዓመት ሳይደርሱ ዐረፉ።

አርባቸው ወጥቶ እንግዳው ሲሄድ፣ «መረመርሻቸው?» አልኳት።

«አዎ።»

«እና?»

አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት ትነካካ ነበር። «ሁለቱ ተለያይተዋል። አንዱ ደህና ነበር። አባባ የዋጡት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ እማዬ። ሕመሙም ቀድሞ ገፍቶ ነበር፤ ሐኪሙ ነግሮኛል።»

ልትዋሸኝ ትችል ነበር። አልዋሸችኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

ኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በፍቅር የተደረገ ነው፣ ኃጢአት የለበትም አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ኃጢአት አልነበረም። መድኃኒቱ ደርሷቸው እንደሆነ ነበር ማወቅ የፈለግኩት።