ወተት ያጠጣሁት ጉድጓድ

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜን የምወደው ለአባባ ወራሳ ስል ነበር። አባባ ወራሳ የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዲላ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ሥራ ተቀጥረው ሳምንቱን እዚያው ይሰነብቱና፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የቡና መኪና ጀርባ ላይ ተጭነው ወናጎ እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ያኔ መኪናው መንገድ ዳር ሲያወርዳቸው የሚያሰሙትን ሳል ከሩቅ ለይቼ ስለማውቀው፣ የያዝኩትን ጥዬ ስሮጥ ማንም አይቀድመኝም። የክሊኒኩ የመድኃኒት ሽታ ኮታቸው ላይ እስከ እሑድ ይቆያል። ዛሬም መድኃኒት ቤት በገባሁ ቁጥር ዞር ብዬ እፈልጋቸዋለሁ።

የሌላው ሰው ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲተርት፣ የኛው የሚተርቱት ስለ ክሊኒኩ ዕቃ ነበር። ከታች ኩራዝ እየነደደበት ከላይ በረዶ ስለሚሠራ ሳጥን ነገሩን። ብብት ውስጥ ገብታ የሰውን ትኩሳት ስለምታሳብቅ የብርጭቆ ዘንግ ነገሩን። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ የቀርከሃውን ጣሪያ እየታከከ ሲሄድ፣ ፍሙ ፊታቸውን ባንድ ወገን ብቻ እያቀላው፣ ግማሹን በጌዴኦኛ ግማሹን በከተማ አማርኛቸው ይቀጥላሉ። እናቴ «ኧረ አባባ፣ ደግሞ ጀመረዎት!» እያለች ትስቃለች፤ እሷም ግን የምትፈትለውን ታቆም ነበር።

ከሁሉ የምወደው የትንንሾቹን ተረት ነው። አንድ ቀን ደም የሚመረምረው ሰውዬ አባባን ጠርቶ በማይክሮስኮፑ አሳያቸው፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ የዲላ ገበያ የሚያህል ግርግር አዩ። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ ቤታችን ገቡ። ሹም አላቸው፣ ሠርግ አላቸው፣ ጠብም አያጡም። አንዳንዶቹ ሰው ሆድ ገብተው ያሳምማሉ፤ ጓሯችን ካለው የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ግን ጨዋዎች ናቸው፣ ለእኛ ነው የሚሠሩት።

«እናትሽ እንሰት ፍቃ ትቀብራለች እንጂ ቆጮ የምታደርገው እሷ እንዳትመስልሽ» ይሉኛል። «እርሾ ሕያው ነች ልጄ። ትበላለች፣ ትተነፍሳለች፣ ጆሮ ላለው ሰውም ትዘፍናለች።»

አንድ ቅዳሜ ማታ ተረቱ አስጨናቂ ቦታ ደረሰ። ትንንሾቹ ቀን ከሌት ሠርተው ስንቃቸው አለቀ፤ ልጆቻቸውም በጨለማው ውስጥ ማልቀስ ጀመሩ። እዚህ ላይ አባባን ሳል ያዛቸውና አላስቀጥል አላቸው። እናቴ ሙቅ ውሃ ሰጥታቸው «በቃ፣ ይረፉ። የቀረውን የሚመጣው ቅዳሜ» አለች። እሳቸው ተኙ፤ እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይበሉ እንዴት ይቆያሉ?

ሰኞ እናቴ ገበያ ስትወርድ የጠዋቱን ወተት በቅል ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዮቹን እየገፋሁ አወረድኩ፣ ቅጠሉን ገለጥኩ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ እንኳ አልሸሸሁም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጥ ቀስ ያለ ቡልቅ፣ ቡልቅ የሚል ነገር ሰማሁና ልቤ ቀጥ አለ። እየዘፈኑ ይሁን እያለቀሱ አላወቅሁም፤ ብቻ «አይዟችሁ» ብዬ ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰስኩላቸው። ቅጠሉን መለስኩ፤ ትልልቆቹን ድንጋዮች ግን መልሼ ማንሳት አቃተኝ። ማታውን ዝናብ ጣለ፣ ሦስት ቀንም አላባራ።

ያ ጉድጓድ በቆሎው እስኪደርስ የምንበላው ነበር። አባቴ ኮንጋ የሰው ቡና ሊለቅም ሄዶ ከኛ ጋር አልነበረም፤ እናቴ እሱን ጉድጓድ ተማምና ነው ከማንም እጅ ሳትጠብቅ የምትኖረው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ልታወጣ ስትከፍተው ጥቁር ውሃ አቁሮ፣ ትል አፍልቶ አገኘችው። ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀረች። ጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው ከበቧት። አባባ ወራሳም የዚያን ጊዜ ደረሱ፤ እኔ ሮጬ ኮታቸው ኋላ ተሸሸግሁ።

«ማነው የከፈተው?» አለች እናቴ።

አባባ ዞር ብለው አንዴ አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ባለፈው እሑድ፣ እናንተ ጸሎት ቤት ሳላችሁ። ትንንሾቹን ልያቸው ብዬ።»

የእንሰት ጉድጓድ እኛ ዘንድ የሴት ነው። ወንድ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ከፈተ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና «እንግዲህ ለአባባ ቀሚስ ልንገዛላቸው ነዋ!» አለች። ሌሎቹም ሳቁ። አባባም አብረው ሳቁ። ትንሽ ቆመው፣ ዱላቸውን አንስተው፣ ቤት ሳይገቡ ወደ መንገዱ ወጡ። እኔ ሮጬ አልተከተልኳቸውም።

አልተራብንም። ያው የሳቁት ሴቶች በማግስቱ ጀምረው እያንዳንዳቸው ከየጉድጓዳቸው ቆጮ በቅጠል እየጠቀለሉ አመጡልን፤ ከጎመን ጋር እየበላን በቆሎው ደረሰ። አባባ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም። መኪናው ሲቆም መንገድ ዳር እወጣለሁ፤ የሚወርደው ሌላ ሰው ነው። አንዳንዴ ሾፌሩ «ከአባባ ነው» ብሎ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ይሰጠኛል፤ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ አንዴም አረንጓዴ። ከአልጋው ሥር እደብቃቸው ነበር፣ አልተጫወትኩባቸውም። ማታ ማታ ምድጃው ዳር የሳቸው መቀመጫ ባዶውን ሲቀር፣ እናቴ ከልክላቸው ነው ብዬ እሷን አኮርፋለሁ፤ መልሼ ደግሞ እኔን ጠልተውኝ ነው ብዬ ለብቻዬ አለቅሳለሁ። የትንንሾቹን ተረት የሚጨርስልኝም አልተገኘም። አባባ ወራሳ፣ እኔ ዲላ ትምህርት ቤት ልገባ አንድ ዓመት ሲቀረኝ አረፉ።

ዲላ ስማር የሳይንስ መምህራችን አንድ ማይክሮስኮፕ አምጥቶ፣ የፈለጋችሁትን ጠብታ ይዛችሁ ኑ አለን። ሌላው የኩሬ ውሃ አመጣ፤ እኔ የቆጮ ጭማቂ። ተራዬ ደርሶ አጎንብሼ ሳይ ትንንሾቹ እዚያው ነበሩ። በትር የሚመስሉ፣ ክብ ክብ የሆኑ፣ እርስ በርስ የተያያዙ፣ ለቁጥር የሚያስቸግሩ ነበሩ። እንባዬ መስታወቱን አበላሸው። መምህሩ ዓይኔን ያመመኝ መስሎት ሄደሽ ታጠቢ አለኝ። ያን ቀን እሮጥለት የነበረውን ሳል ምንኛ ፈለግሁት! አየኋቸው ብዬ የምነግረው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሳቸውም የሉም።

ለዕረፍት ወናጎ ስመለስ ለእናቴ ተናዘዝኩላት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ እጇን እንኳ አላቆመችም።

«አውቄ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«የዚያኑ ዕለት። ቅጠሉ ሥር የረጋ ወተት አየሁ። ሽማግሌ ሰው ጉድጓድ ወተት ያጠጣል?»

«ታዲያ ለምን እንዳይመጡ ከለከልሻቸው?»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ነኝ የከለከልኳቸው? ዲላ ድረስ በእግሬ ሄጄ ሁለት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ። ‹ልጅቷ እኔን ባየች ቁጥር ጥፋቷን እያሰበች ትሸማቀቃለች። ራሷ ለመናገር እስክትደርስ ትንሽ ትደግ፣ አንቺም አትንገሪያት፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ› አሉኝ።»

እናቴ ጎመኗን ይዛ ገባች፤ እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ። እሳቸው ዲላ ሆነው፣ በየሳምንቱ መኪናው ሲነሳ እያዩ፣ የእኔን ማደግ ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን ለማደግ ዘገየሁ።