የቁንዝላ ልጃገረዶች ለምን ሜዳ አልመጡም?

ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የወጣቶች ስፖርት ማኅበር በፕሮጀክት ባለሙያነት ቀጠረኝ። የተማርሁት የሒሳብ አያያዝ ስለነበር ፕሮጀክት የሚባለውን ነገር በወጉ አላውቀውም ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉቀን ቀድሞ የመረብ ኳስ ዳኛ ነበሩ። ወንበሬን አሳዩኝና፣ «ሥራሽ ቀላል ነው» አሉኝ። «ገንዘብ ያላቸው ድርጅቶች አሉ፤ ኳስ የሌላቸው ልጆች አሉ። አንቺ መሐል ላይ ሆነሽ ታገናኛለሽ።»

ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ በዚያው ሳምንት ነው። ማኅበሩ ለለጋሽ ድርጅቶች የላካቸውን ፕሮፖዛሎች አውጥቼ አነበብሁ። ከመንደሩ ስም በቀር ሁሉም አንድ ናቸው፤ ኳስ፣ መረብ፣ ማሊያ፣ የአሠልጣኝ አበል። ሁሉም ውድቅ ሆነዋል።

«ለምን ጣሉብን?» አልኋቸው አቶ ሙሉቀንን።

«ዕድል ነዋ።»

«ጠይቀናቸው እናውቃለን?»

የጠረጴዛውን ስልክ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

አዲስ አበባ ወዳለው አንድ ለጋሽ ድርጅት ደወልሁ። ስልኩን ያነሡት ወይዘሮ ሶስና የሚባሉ የድጋፍ ኃላፊ ናቸው። ማንነቴን ነግሬ ፕሮፖዛላችን የወደቀው በምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ፈልገው አገኙት። «ኳሱ አለ፣ መረቡ አለ፤ ልጆቹ ግን የሉበትም» አሉ። «ማን ይጫወታል? የማይጫወተውስ ለምንድን ነው የማይጫወተው? ይህን ሳናውቅ ምኑን እንረዳለን?»

በዚያው ጊዜ ድርጅታቸው በሐይቁ ዳር ከተሞች ሴት ልጆችን ለሚያሳትፍ የኳስ ስፖርት አዲስ የፕሮፖዛል ጥሪ አውጥቶ ነበር። አቶ ሙሉቀን ከሐይቁ ማዶ ላለችው ቁንዝላ የመረብ ኳስ እንድጽፍ አዘዙኝ። የቁንዝላውን የስፖርት መምህር በስልክ አገኘሁት። ወንዶቹ ሜዳ እንደማይጠፉ፣ ሴቶቹ ግን አንድም ቀን እንደማይመጡ ነገረኝ።

«ለምን?»

«ያው፣ ባህሉ ነው።»

መልሱ አላረካኝም። የትኛው ባህል? ማን ከለከላቸው? በጀልባ ተሳፈርሁና ሄድሁ።

ሜዳው ከውሃው ጥግ ነው። ሌላው ደልዳላ መሬት ሁሉ እርሻ ስለሆነ ሌላ ቦታ የላቸውም። ከጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ዓሣ ከሚሸጡት ሴቶች ጎን ተቀምጬ ወንዶቹ ሲጫወቱ አየሁ። ኳሱ ሐይቅ ገባ። አንድ ረዥም ልጅ ተከትሎት ገባ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ልጁ ኳሱን ይዞ እስኪወጣ ድረስ አንዳቸውም አልተናገሩም፤ ሲወጣ ወሬያቸውን ከተዉበት ቀጠሉ።

አጠገቤ የነበሩትን ሴት ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስማቸው እትዬ አንጓች ነው። እጃቸው ላይ ያለውን ዓሣ ማጽዳት ሳያቋርጡ፣ «የእኔ ልጅ እንዲሁ ገብቶ ነው የቀረ» አሉኝ። «ክረምት ነበር፤ ውሃው ሞልቶ። ኳሱ ተንሳፍፎ ወጣ፤ እሱ አልወጣም።»

ዓሣውን አገላብጠው ቀጠሉ። «ወንዶቹን ብንከለክልም እንቢ ይላሉ። ደግሞ ከአባቶቻቸው ጋር ታንኳ ላይ ሲውሉ ዋናውን ይለምዱታል። የእኔው ገና ሳይለምድ ነው። ሴቶቹ ታንኳ ላይ የሚያወጣቸው የለም። ውሃ የማታውቅ ልጅ እዚህ ሜዳ እንዴት አድርጌ ልላክ?»

ልጃቸው ትሩዬ ከኋላቸው ቆማ ታዳምጥ ነበር። ኳስ ትወጂያለሽ ወይ አልኋት። «ትምህርት ቤት ከግድግዳው ጋር እጫወታለሁ» አለችኝ።

ባሕር ዳር ስመለስ ለአቶ ሙሉቀን ከመረብ ኳሱ በፊት ዋና ማስተማር እንዳለብን ነገርኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ጥሪው የኳስ ነው። ዋና ብለሽ ከጻፍሽ ሳያነቡ ይጥሉታል። ይህ ከወደቀ ደግሞ ማኅበሩን መዝጋታችን ነው። መረብ ኳስ ብለሽ ጻፊ፤ ገንዘቡ ይምጣና የቀረውን እናያለን።»

«ገንዘቡ መጥቶ ሴቶቹ ባይመጡስ?»

ዳኛ ሳሉ የለመዱት ይመስለኛል፣ ለመወሰን ሲሆን ወደ ላይ ቀና ይላሉ። ያን ቀንም ቀና አሉ። በመጨረሻ፣ «ደውለሽ ሶስናን ጠይቂያት» አሉኝ።

ወይዘሮ ሶስና እንቢም እሺም አላሉም። ጥያቄ አወረዱብኝ። አሠልጣኟ ሴት ናት? ልጆቹ የሚዋኙበት ቦታ ጉማሬ አይመጣም? ቢልሃርዚያስ? አንዱንም አላውቅም ነበር። ደስ የሚል ግራ መጋባት ነበር፤ የማላውቀው ነገር በበዛ ቁጥር ሥራው ይበልጥ ሳበኝ።

ተመልሼ ቁንዝላ ሄድሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ጉማሬ ሣር ፍለጋ የሚወጣበትን ዳር አሳዩኝ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ደግሞ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚበዛው ሣርና ደንገል ያለበት ውሃ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ቦታ ተገኘ፤ ሣር የማይበቅልበት፣ ድንጋያማ፣ እስከ ሩቅ ድረስ ከወገብ የማያልፍ። ጤና ጣቢያውም ልጆቹን በየጊዜው ሊመረምር ተስማማ።

አሠልጣኟን ያገኘኋት ባሕር ዳር ነው። ዘይነባ ትባላለች። አባቷ ገበያ ውስጥ ልብስ ይሸጣሉ፤ እሷ ዋና የተማረችው በልጅነቷ ከወንድሞቿ ነው፤ አሁን አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ላይ ትሠራለች። ሐሳቡን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ምን ለብሰው ነው የሚዋኙ?» ብላ ነው።

አላሰብሁበትም ነበር። የዋና ልብስ በጀት ውስጥ ልናስገባ እንችላለን አልኋት።

«ተይው» አለች። «እናቶቹ አይፈቅዱም። ደግሞ ሰው ውሃ ውስጥ የሚወድቀው እንደለበሰ ነው። በለበሱት ልብስ አስተምራቸዋለሁ።»

ፕሮፖዛሉን ከመጻፌ በፊት እትዬ አንጓችን የነገሩኝን ልጽፈው ወይ ብዬ አስፈቀድኋቸው። «የልጄን ስም አትጻፊ» አሉኝ። «የሆነውን ጻፊ።» እንዳሉኝ አደረግሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይዘሮ ሶስና ራሳቸው መጡ። እኔና አቶ ሙሉቀን ቁንዝላ ድረስ አብረናቸው ሄድን። ሜዳውንና ድንጋያማውን ዳር አይተው ወደ እትዬ አንጓች ዘንድ ሄዱና፣ «ዋና ከተማረች ትሩዬን ሜዳ ይልካሉ?» ብለው ጠየቋቸው።

እሺ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እትዬ አንጓች ልጃቸውን አዩ፤ ውሃውንም አዩ። «እንጃ» አሉ። «መጀመሪያ ልየው።»

አቶ ሙሉቀን አቀረቀሩ። እኔም አለቀ ብዬ ነበር። ወይዘሮ ሶስና ግን ወደ ጀልባው ስንመለስ፣ «እሺ ቢሉኝ ኖሮ መልሱን ያስጠናችኋቸው ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። ድጋፉ ተፈቀደ። ለሙከራ አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ ዋናው ይቀድማል፣ መረቡ ይከተላል።

ዘይነባ ስትጀምር ውሃ የገቡት ጥቂት ልጆች ናቸው። እትዬ አንጓች በመጡ ቁጥር ትሩዬን ጎናቸው አስቀምጠው ከድንጋይ ላይ ሆነው ያያሉ። ዘይነባ አንድ ጊዜም ነይ ብላ አልጠራቻትም። ለምን እንደማትጠራት ስጠይቃት፣ «የምትፈራው ልጅቷ አይደለችም» አለችኝ።

አንድ ከሰዓት እትዬ አንጓች ተነሡ። መቀነታቸውን ፈትተው አንዱን ጫፍ በትሩዬ ወገብ ላይ አሰሩት። ሌላውን ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገቡና ልጃቸውን ለቀቋት። ዘይነባም መቀነቱ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ አስተማረቻት። እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። ኋላ መቀነቱ እየላላ ሄደ፤ አንድ ቀን እትዬ አንጓች መቀነታቸውን ከወገባቸው ሳይፈቱ ትሩዬን ለቀቋት።

መረቡ ሲተከል ትሩዬን ጨምሮ ሁለት ቡድን የሚሞሉ ሴት ልጆች ነበሩን። አቶ ሙሉቀን ፊሽካቸውን ይዘው መጥተው የመጀመሪያውን ጨዋታ ራሳቸው ዳኙ። ጨዋታው ሲያልቅ እትዬ አንጓች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ዘይነባ ጠጋ ብለው፣ «ለእናቶችስ ሰዓት አለሽ?» አሏት።

ድጋፉ የወጣቶች ስለሆነ ወይዘሮ ሶስና ዘንድ ደውዬ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ጥቂት አሰቡና፣ «አሠልጣኟ እዚያው ካለች ይግቡ፤ በሪፖርቱ ግን እንደሆነው ጻፊው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ለደልጊና ለመሸንቲ ከተሞችም ጽፌያለሁ፤ የተሳካም የወደቀም አለ። አዲስ ለሚቀጠሩ ባለሙያዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ከመጻፋችሁ በፊት የማይመጣው ልጅ ቤት ሂዱና ለምን እንደማይመጣ ጠይቁ፤ መልሱን ቢሮ ተቀምጣችሁ አትገምቱ።