ገንዳው የት ይቀመጥ?

በእኛ መንደር ያለ እኔ ፈቃድ ድመት እንኳ መንገድ አታቋርጥም። ለጉራ አይደለም፤ ሰው እንዲያውቀው ብዬ ነው። ካምፓላ ከገባሁ ወዲህ ከንቲባ ሲቀየር፣ ሊቀመንበር ሲቀየር፣ ጎረምሳ የነበሩ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂዎች የልጆች አባት ሲሆኑ አይቻለሁ፤ እኔ ግን በመንደሩ አስተዳደር ጉዳይ እንደ ምሰሶ ቆሜ አለሁ።

እሺ፣ ምሰሶው ምን ይሠራል? የመንደሩ ሊቀመንበር፣ ትንሽ ትልቁ «ቼርማን» የሚለው፣ በነዋሪዎች የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ውሃ መቼ እንደሚጠፋ፣ የቆሻሻ መኪና መቼ እንደሚመጣ፣ ቦይ የሚጠረገው በየትኛው ቅዳሜ እንደሆነ። እኔ ወደ አማርኛ መልሼ ለመንደሩ ሐበሾች እልካለሁ። ሐበሾቹ ከእኔ ጋር ስድስት ነን። ሥልጣኔ ይቺው ናት፤ ስድስት ሰው፣ ያውም አንዱ ራሴ።

ግን ሥራዬን በፍቅር ነበር የምሠራው። ቼርማን «ነገ እስከ ቀትር ውሃ ይቋረጣል» ብሎ የጻፈው በእኔ እጅ ሲያልፍ «ወገኖቼ፣ የዓባይ ምንጭ ሊደርቅ ነው! ባልዲ የሌለው ጫማውን ይሙላ» ሆኖ ይወጣል። ኦዊኖ ገበያ ልብስ የሚሸጡ፣ የሁላችንም ታላቅ የሆኑና እትዬ የምንላቸው ሴት አንድ ጊዜ ይህን አምነው የመታጠቢያ ገንዳቸውን፣ ድስታቸውን፣ የአበባ ማስቀመጫቸውን ሳይቀር ሞልተው አደሩ። ጠዋት ውሃው አልጠፋም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ክቡር ሊቀመንበር» ነው የሚሉኝ። ሲጠሩኝ አፋቸው ጠመም ይላል፤ እኔ ግን ማዕረጉን እንጂ አፋቸውን አላይም።

አንድ ሐሙስ የመጣው ማስታወቂያ ግን ምንም ባልጨምርበትም የሚበቃ ነበር። የከተማው አስተዳደር ትልቁ የቆሻሻ መኪና በእኛ ጠባብ መንገድ ከእንግዲህ እንደማይገባ አስታወቀ። ለመንደሩ አንድ ትልቅ ገንዳ ይሰጠዋል፤ ሁሉም ቆሻሻውን እዚያ ይጥላል። ቦታውን ነዋሪው ይምረጥ፤ ካልመረጠ እኛ እንመርጥለታለን አለ። መኪና የሚደርስበት ቦታ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የመንደሩ መግቢያ ጥግ፣ አንዱ ከላይ የአከራዬ አጥር ሥር። ቼርማን እሑድ ከሰዓት በኋላ በመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ድምፅ እንሰጣለን አለ።

ጥጉ ባዶ ጥግ አይደለም። አንዲት ሴት በጃንጥላ ሥር የከሰል ምድጃዋን ተክላ ሮሌክስ ትሠራበታለች፤ ጫፓቲ ላይ እንቁላል ጠብሳ፣ ቲማቲም ጣል አድርጋ ትጠቀልለዋለች። ሦስት ልጆች የምታስተምረው በዚያች መጥበሻ ነው። እኔም ቁርሴን ከእሷ እጅ ካልበላሁ ቀኑ የሚጀምር አይመስለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ፣ «ሴቦ፣ ሰምተሃል?» አለችኝ። ሴቦ ማለት ጌታው እንደማለት ነው፤ እሷ ስትለው ግን ትንሽ ቀልድም አለበት።

«ምኑን?»

«ገንዳውን ነዋ። እዚህ ካስቀመጡብኝ ማን ከዝንብ ጋር ተሻምቶ ይበላልኛል? ታች ታክሲ ማቆሚያው ጋ እንዳልወርድ ሁለት ሮሌክስ ሠሪዎች አሉ።»

ሰው ሲጨነቅ ዝም ማለት አልችልበትም፤ አፌ ቀድሞኝ ይሄዳል። «እኔ ቆሜ? እኔ እያለሁ ገንዳው እዚህ ይቀመጣል? ሐበሾቼን አስከትዬ እመጣለሁ። አርባ ሰው!»

«አርባ አላችሁ እንዴ?»

«ስንቆጣ እንበዛለን።»

ሳቀች። ከሳቋ ጋር አንድ እንቁላል ጨመረችልኝ።

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ አከራዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ እንደ አገሩ ወግ ሙዜ እላቸዋለሁ፣ ሽማግሌ ለማለት። ካምፓላ ውስጥ ለበዓል በግቢዬ በግ ይታረድ የሚል ሌላ አከራይ ካለ አምጡልኝ። ስድስታችንም ፋሲካና ገናን የምናከብረው እሳቸው ግቢ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ ወንበር አውጥተው፣ ተማሪ እንደሚፈትን ሰው እየተከታተሉ ይቀመጣሉ።

«ወዳጄ፣» አሉኝ፣ «በስተርጅናዬ ካሎሊ ላርባ?» ካሎሊ ያ መላጣ ትልቅ ወፍ ነው፤ ካምፓላ ውስጥ ቆሻሻ ባለበት ሁሉ ኮቱን ደርቦ እንደ ቀብር አስፈጻሚ የሚቆመው። «መኝታ ቤቴ ከአጥሩ አምስት እርምጃ ነው። ሽታው ይገድለኛል።»

«ሙዜ፣ እርስዎ ተኝተው ይደሩ። ሐበሻ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነው።»

«ስንት ናችሁ?»

«ስንፈልግ ስንት!»

ሕሊና የለህም እንዳትሉኝ፣ በልቤ ወስኜ ነበር። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ሴትዮዋ ግን እንጀራዋን ነው የምታጣው። ድምፄ የእሷ ነው። ለሙዜ የሰጠሁት ምላሴን ብቻ ነው። በዓይነ ሕሊናዬ ሳጥን ይታየኝ ነበር፤ ወረቀቴን አጥፌ እከታለሁ፣ ሁለቱንም ፈገግ ብዬ አያለሁ፣ ማንም አያውቅም። ለአምስቱ ሐበሾች «እሑድ ሳትቀሩ ኑ፤ የምታደርጉትን እዚያው እነግራችኋለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። አስቀድሜ ብነግራቸው ወሬው ሙዜ ጆሮ ይደርሳል ብዬ ነው። እንዲህ ብልጥ ነበርኩ።

እሑድ ግቢው ሞላ። አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ የውጭ አገር ሰው ድምፅ ይሰጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቼርማን ወደ እኔ እያየ፣ «ቆሻሻ ያወጣል?» አለ።

«ያወጣል» አለ ሰው ሁሉ።

«እንግዲያው ድምፅ አለው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ኩራቴ አንድ ደቂቃ ቆየ። ዓይኔ ሳጥኑን ፈለገ፣ አጣ። አጠገቤ የቆመውን ሰውዬ «ሳጥኑ የታለ?» አልኩት።

«የምን ሳጥን?» አለኝ፣ ከጨረቃ የወረድኩ ይመስል። «እንሰለፋለን እንጂ።»

እኔ፣ የመንደሩ አስተዳደር ምሰሶ፣ መንደሩ እንዴት እንደሚመርጥ አላውቅም ነበር። ስብሰባ ላይ ብቅ እላለሁ፣ ለወሬ የሚሆነኝን ይዤ ከመሐል ሾልኬ እወጣለሁ፤ ድምፅ እስኪሰጥ ቆይቼ አላውቅም።

ቼርማን ሴትዮዋን ማንጎው ዛፍ ሥር አቆማት። ሙዜን ከሸርተቴው አጠገብ አቆማቸው። «ገንዳው ጥጉ ላይ አይቀመጥ የምትሉ ከእሷ ኋላ። አጥሩ ሥር አይቀመጥ የምትሉ ከእሳቸው ኋላ። ፊታችሁን ወደ እኔ አዙሩ፤ እቆጥራለሁ።»

ሰው እንደ ውሃ ለሁለት ተከፈለ። እኔ መሐል ቀረሁ። ሴትዮዋ ዘወር ብላ አየችኝና ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ቦታ እየለቀቀችልኝ ነው። ሙዜ ደግሞ በከዘራቸው ከኋላቸው ያለውን መሬት ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። ግቢው ትልቅ ነበር፤ ለእኔ ግን በዚያች ሰዓት ከቁም ሣጥን ጠበበኝ።

ስልኬን አወጣሁ። አልጮኸም፤ እኔ ግን አነሣሁት። «ሄሎ! አዎ! አይሰማኝም!» እያልኩ ወደ ኋላዬ፣ ወደ ኋላዬ ሄድኩና ከግቢው ጀርባ ባገኘሁት በር ገባሁ።

መጸዳጃ ቤት ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መጸዳጃ ቤት። በሩ የተሠራው ለአራት ዓመት ሕፃን ነው። ቀና ብዬ ብቆም ከደረቴ በላይ ለሕዝብ እታያለሁ፤ ልክ እንደ ዜና አንባቢ። ስለዚህ ቁጢጥ አልኩ። መቀርቀሪያ ስለሌለው በሩን በአንድ እጄ ያዝኩ፣ በሌላው ስልኬን። ከላይ ቆርቆሮው ይጠብሰኛል፣ ከታች የማልናገረው ነገር አለ። ጉልበቴ ይህን ለማድረግ ዕድሜው እንዳለፈ ወዲያው ነገረኝ።

በበሩ ስንጥቅ ሁሉም ነገር ይታየኛል። ቼርማን የእያንዳንዱን ትከሻ እየነካ ይቆጥራል፤ «ኤሙ፣ ቢሪ፣ ሳቱ…» አምስቱ ሐበሾቼ ግን ከየትኛውም ሰልፍ የሉም። ከመጸዳጃ ቤቱ አሥር እርምጃ ርቀው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ አንገታቸውን እያዞሩ ይፈልጉኛል።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ የት ገባ?» ይላሉ እትዬ። «የቱ ጋ ነው የምንቆመው?»

«ዝም ብለን አንዱ ጋ እንሰለፍ» አለ ከመሐላቸው አንዱ።

«እሱ ከወዲያኛው ቢሰለፍስ? በሰው አገር፣ በሰው ፊት፣ ሐበሻ ለሁለት ተከፍሎ ይታይ? ነውር አይደለም?»

«እሱስ እውነት ነው።»

«እንጠብቀዋ።»

ይህን አመል አውቀዋለሁ፤ የእኔም ነው። ቤታችን ውስጥ በአንድ ሽንኩርት አቆራረጥ እስከ መኳረፍ እንደርሳለን፤ ውጭ ስንወጣ ግን አንዳችን ከሌላችን ተለይተን መቆም ያሳፍረናል። ከተሰለፍን ሁላችንም አንድ ሰልፍ፣ ካልሆነም ሁላችንም ግድግዳው ሥር።

መፍትሔው እኮ በአፌ ነበር። «ከሴትዮዋ ኋላ ቁሙ!» ሦስት ቃል። በግቢው ውስጥ ከአምስቱ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም። አፌን ከፈትኩ። በስንጥቁ የሙዜን ከዘራ አየሁት፤ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሐበሾቹ እያመለከተ ነበር፣ «ለምን አይመጡም?» እንደማለት። ከመጸዳጃ ቤት ድምፅ ወጥቶ አምስት ሐበሻ ተያይዞ ወደ ማንጎው ቢሄድ፣ ትእዛዙ የማን እንደሆነ ለማወቅ ርእሰ መምህር መሆን አያስፈልግም። ፋሲካችን ታየኝ። ቤቴ ታየኝ። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ምላሴን የያዝኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ መናገር በነበረብኝ ጊዜ።

ቼርማን ቆጥሮ ጨረሰ። ከሙዜ ኋላ ሠላሳ ስምንት፣ ከሴትዮዋ ኋላ ሠላሳ አምስት። ገንዳው ጥጉ ላይ ይቀመጣል። ጭብጨባ። ግድግዳው ሥር አምስት ሰዎች፣ እኔ ስድስተኛው ቁጢጥ ብዬ፤ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ ነበረኝ።

ስወጣ እግሬ ደንዝዞ እንደ ሸንበቆ ይወላገዳል። እትዬ ከሩቅ አይተውኝ መጡ። «አንተ! ምን ሆነህ ነው?»

«ሆዴን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ውይ ልጄን! እኛ እኮ ከአንተ እንዳንለይ ብለን ቆመን ቀረን።»

ሙዜ ተከትለው ደረሱ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወዳጄ፣ ታመህም ቢሆን ገብቶኛል፤ ሰዎችህን አንዱንም ወደ እሷ አልሰደድክም። አልረሳውም» አሉኝ። የግቢያቸውን አቮካዶ በዘንቢል እልክልሃለሁ ብለው ሄዱ። ላኩም።

ከዚያ እሷ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን የጠየቀችው ስለ እኔ ነበር። «ሴቦ፣ ታመህ ነው አይደል? እኔም ብያለሁ፤ ደህና ብትሆን ኖሮ አንተ ከኋላዬ አትጠፋም ነበር።»

«አዎ፣ ኛቦ» አልኳት። እንዲህ ነው ሴት በአክብሮት የምትጠራው፤ እኔም በዚያች ቀን ያቀረብኩላት አክብሮት ይኸው ቃል ብቻ ነው።

ማታውኑ ለሐበሾቹ ማስታወቂያ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነዋ። «ገንዳው መግቢያው ጥግ ላይ እንዲቀመጥ ነዋሪው ወስኗል» ብዬ ጻፍኩ። ዓባይን አላደረቅሁም፣ ጫማ አላስሞላሁም። እትዬ «ዛሬስ ምነው አጠረብህ?» ብለው መለሱልኝ።

ገንዳው በሳምንቱ መጣ፤ ሁለት ካሎሊ ተከትሎት። ሴትዮዋ ጃንጥላዋን አጥፋ፣ ምድጃዋን በጋሪ ጭና ታክሲ ማቆሚያው ጋ ወረደች፤ ከሁለቱ ሮሌክስ ሠሪዎች ቀጥላ ሦስተኛ ሆና ቆመች። አንድ ሁለት ጊዜ በዚያ ሳልፍ እነሱ ጋ ሰው ተሰልፎ፣ እሷ መጥበሻዋን እየወለወለች አገኘኋት። የወረደች ቀን ግን በትልቁ ልጇ እጅ ለእኔ ትኩስ ዝንጅብል በፔርሙስ ልካልኝ ነበር፤ ለሆዱ ጥሩ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ይጠጣው ብላ።

ሆዴን አሞኝ አልነበረም። ፈርቼ ነው የተደበቅሁት። ዝንጅብሉንም አንድ ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት።