በሀርሺን ሜዳ የከረመው ሚኒባስ

የኋላሸት ሠላሳ አንድ ዓመት ግሬደር ነድቷል። ከጅጅጋ ወጥቶ መንገድ ሲጠርግ ወር ሁለት ወር በቆርቆሮ ካራቫን ውስጥ ይከርማል፤ ቤቱ የሚመጣው ልብስ ለመቀየር ያህል ነበር። ሚስቱ ሮማነወርቅ ጡረታ ሲወጣ ያንን ሁልጊዜ የሚያወራላትን የሀርሺን ሜዳ እንዲያሳያት ትጠይቀው ነበር። እሱም እሺ ብሏታል። ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ አላስተኛ አለው። ሁለት ዓመት እንደ ምንም ገፋና ከታክሲ ሥራ የወጣ አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቅሎ ጠባብ የእንጨት አልጋ አስገባ፤ ጣሪያው ላይ ትንሽ ሶላር አሰረ፤ ከኋላ የውሃ በርሜልና ቡታጋዝ አደላደለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ላለችው ልጁ ለአይዳ ደውሎ፣ በጋውን ሀርሺን ሜዳ ላይ እንደሚከርም ነገራት። አይዳ፣ ሰው አበደ እንዳይልህ አለችው።

"ይበል" አላት።

አጥር ያልገባበት መሬት ለማግኘት ግማሽ ቀን ነዳ። ሜዳው ድሮ የሁሉም ከብት መዋያ ነበር፤ አሁን ብዙው በእሾህ ታጥሯል። በመጨረሻ አንዲት ግራር ሥር አቆመ። ገና ሻይ ሳይጥድ፣ ከሩቅ ከሚታዩት ሦስት ጎጆዎች አንድ ሰው መጣ። ቢሌ ይባላል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። መሬት ልታጥር ነው? ነዳጅ ልትቆፍር ነው? እያለ ጠየቀው። የኋላሸት ጅጅጋ ተወልዶ ያደገ ነውና፣ ሁለቱም እንዳልሆነ፣ በጋውን ሜዳው ላይ ለመክረም ብቻ እንደመጣ በሶማሊኛ መለሰለት።

"እንስሳ ከሌለህ ሣሩ ምን ያደርግልሃል?" አለው ቢሌ።

የኋላሸት ሻዩን ጣደ። ቢሌም አይቶት አይቶት፣ እንዳታጥር፣ ዛፍ እንዳትቆርጥ፣ ከቢርካው፣ ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ፣ ሳትጠይቅ እንዳትቀዳ ብሎት ሄደ።

የበጋው ብርድ ክፉ ነው። ማለዳ መስተዋቱ በላቦት ይሸፈናል፤ ረፋድ ላይ ነፋሱ ይነሳና አቧራውን በበሩ ስንጥቅ ያስገባል። የኋላሸት ምስር ይቀቅላል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ጎማ ይነካካል። አንዳንድ ቀን ሲመሽ፣ ከነጋ አንድም ቃል እንዳልተነፈሰ ትዝ ይለውና ድምፁ መኖሩን ለማወቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሮማነወርቅን ስም ሊጠራ አስቦ የተወበት ጊዜም ነበር።

የሚጠብቀው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። የቢሌ እናት ዐናብ ፍየሎቻቸውን ይዘው በዚያ ሲያልፉ፣ በኩባያ ወተት የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ያስቀምጡለታል። ባዶውን ሲመለሱ ይወስዳሉ። ከሰላምታ በቀር ብዙ አያወሩም። በታኅሣሥ መጨረሻ ወተቱ ቀረ። የጥቅምቱ ዝናብ ጠብ ሳይል አልፎ ነበርና ፍየሎቹ ነጥፈዋል።

ጥር ላይ ቢርካው ደረቀ። ቢሌ መጥቶ፣ ወደ ጉናጋዶ አካባቢ ውሃ አለ ስለተባለ ሊሄዱ መሆኑን ነገረው። እሱና ሚስቱ ከመንጋው ጋር በእግር ይጓዛሉ፤ እናቱ ግን ከሰሞኑ ደክመው መራመድ አቅቷቸዋል። ልመና ያስቸግረው ነበር። የኋላሸት ነገሩ ገብቶት አልጋውን ነቅሎ አወጣና ቦታ አበጀ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከኋላ ዘጠኝ ግልገልና የዕቃ እስር ጭኖ፣ ዐናብን ከፊት አስቀምጦ ተነሳ። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ዐናብ ሚስቱ የት እንዳለች ጠየቁት።

"ሞታለች፣ ኤዶ" አላቸው። በሶማሊኛ አክስቴ ማለቱ ነው።

እሳቸው መንገዱን እያዩ፣ "የኔ ባል ጠዋት ባለፍናት ድንጋያማ ቦታ ነው የተቀበረው" አሉ።

የኋላሸት መኪናውን አቀዘቀዘ። ለምን አቁም እንዳላሉት ጠየቃቸው።

"በየመቃብሩ ከቆምን ግልገሎቹ በጥም ያልቃሉ። ንዳ።"

ነዳ። ሲመሽ እዚያ ቀድመው ከሰፈሩ ዘመዶቻቸው ዘንድ አደረሳቸው። ዘመዶቻቸውም መኪናህን እዚሁ አቁመህ ክረም አሉት። ሰው ግን በዝቶ ነበር፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ሴቶች በቦቴ ውሃ ይጣላሉ። ሁለት ቀን ቆይቶ ወደ ሀርሺን ተመለሰ።

ግራሯ ሥር ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ዝምታው የቀድሞው ዝምታ አልነበረም። በጎጆዎቹ ቦታ ክብ የአመድና የፍግ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ብቻዬን እየኖርኩ ነው ሲል የከረመው ጭሳቸውን እያየ እንደነበር ያን ጊዜ ተረዳ። እንዲያም ሆኖ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ወደ ጅጅጋ ነዳ፤ የሮማነወርቅን ልብሶች ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ለምትፈልጋቸው ጎረቤት ሰጠ። ቤቱ ግን ከበፊቱ ይልቅ ሰፋበት።

ዐናብ ዝናብ ሳይመጣ በሚያዝያ አረፉ። ከመንጋው የተረፉት አራት ፍየሎች ብቻ ስለነበሩ ቢሌ ሸጣቸውና ደገሀቡር ከተማ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ።

የኋላሸት አሁንም ኅዳር ሲገባ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ግራሯ ይወጣል። ቢሌ ዓርብ ዓርብ ይደውልለታል። ስለ ጤና ብዙ አይጠያየቁም። ቢሌ የሚጠይቀው ሣሩ በቅሎ እንደሆነ፣ ቢርካው ውሃ ይዞ እንደሆነ፣ የነሱን ሰፈር ሰው አጥሮት እንደሆነ ነው። የኋላሸትም ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እዚያ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ያየውን አንድ በአንድ ይነግረዋል።