የምዕራቡ ግድግዳ ስንጥቅ

ጭድ የገባበት ጭቃ ሦስት አራት ቀን ውሃ ጠጥቶ ሲከርም የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ግማሹ የበሰበሰ ሣር፣ ግማሹ የመጀመሪያ ዝናብ፣ ትንሽ ደግሞ የከብት በረት የሚሸት፣ ያልለመደው ሰው አፍንጫውን የሚይዝለት። ባለፈው ሚያዝያ የእናቴን ቤት ለገዥ ላሰናዳ ከጎንደር ወደ ኮኪት ወርጄ፣ ከባጃጅ እግሬን ሳወርድ የተቀበለኝ ይኸው ሽታ ነበር። ደላላው ጋሻው እኔን ሳይጠብቅ ጭቃውን አስቦክቶ፣ ግቢው መሃል አስከምሮ፣ ላስቲክ አልብሶት ኖሯል። «እትየ ስመኝ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፤ ያችን የምዕራቧን ግድግዳ ዛሬውኑ እንድፈናት» አለኝ፣ ገና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ። እኔ ግን ሽታው ገብቶብኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቆሜ ነበር።

የኮኪት መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ አፉን ይከፍታል፤ በላዩ የቆመ ቤትም አብሮት ያብጣል፣ አብሮት ይሰነጠቃል። የእኛን ቤት፣ ሁለት ክፍል ያለውን የእንጨትና የጭቃ ቤት፣ አባየ ከወገራ ወርዶ የመጀመሪያውን ሰሊጥ ባመረተ ዓመት ራሱ አቁሞ፣ ራሱ ማግሮ፣ ራሱ መርጎት ነበር። ኅዳር ላይ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ሲቆም፣ ከምዕራቡ ግድግዳ እግር ፀጉር የምታክል መስመር ትነሳ ነበር፤ ጥር ላይ ጣት ታስገባ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ዶሮዎቹን አፋቸውን አስከፍቶ ከጥላ ጥላ ሲያዞራቸው፣ ልክ በእኔ ቁመት፣ የልጅ እጅ በጎኑ የምታሾልክ ትሆንና ወዲያ ማዶው ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

ወዲያ ማዶ ትምህርት ቤቱ ነበር። የበኩር ልጅ ስለሆንኩ፣ እማየም ወባ እያመላለሰ ስለሚጥላት፣ ውሃ መቅዳቱም ወንድሜን ማዘሉም የእኔ ነበር እንጂ ለትምህርት የሚተርፍ ጊዜ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ወንድሜን በጀርባዬ አዝዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሌላው በስንጥቁ አሾልቄ የልጆቹን ሰልፍ አይ ነበር። ከሰልፉ በኋላ ትንንሾቹ በዳሱ ሥር ተቀምጠው ፊደሉን በአንድ ድምፅ ሲሉት እኔ ከግድግዳው ውስጥ እቀበል ነበር፤ ወንድሜም ከጀርባዬ ከእኔ ይቀበል ነበር። እማየ፣ ትኩሳቱ በለቀቃት ቀን፣ «ሰው ሁሉ አፉን በ‹እማ› ይፈታል፣ የኔው ጉድ በ‹ሀ ሁ› ፈታ» እያለች ጎረቤቶቿን ታስቅ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ መሬቱን ያሳብጠውና ስንጥቁ ከእግሩ ጀምሮ ይገጥም ነበር። በሐምሌ ግድግዳው አንድም ቀን ተሰንጥቆ የማያውቅ ይመስላል። ትምህርት ቤቱም የሚዘጋው በዚያው ወራት ነውና፣ ልጅ ነበርኩና፣ የሚዘጋው ግድግዳው ስለገጠመ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ክረምት እማየን ወባ እስከ ሞት አደረሳት። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ አባየን ለብቻው ጠርቶ፣ ይህች ሴት ደጋ ካልወጣች ሌላ ክረምት አትሻገርም አለው። አባየም ቤቱን ሸጦ እሷ ወደ ተወለደችበት ወደ ዳባት ሊያወጣን ወሰነ፤ እዚያ አያቴ ነበረች፣ አጎቴ ነበር፣ ወባ አልነበረም። የሚሸጥበትን ወር ግን አስቦ መረጠ። በክረምት ገዥ ቢመጣ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ በበጋ ቢመጣ ግድግዳው ይከፈታል። መስከረም ብቻ፣ ዝናቡ ሲያቆምና መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ዝም ይላሉ። «ቤት እንደ ሙሽራ ነው፣ የሚታይበት ቀን አለው» አለ።

በዚያ ሳምንት ጭቃው ተቦክቶ ይኸው ሽታ ግቢውን ሞልቶት ነበር። አባየ በባዶ እግሩ ጭቃውን ሲረግጥ እኔ ጭድ እበትንለት ነበር። የተመረገው ሲደርቅ ከወንዝ ዳር የመጣ ነጭ አፈር ተቀባ፤ እማየ በደከመ እጇ የበሩን ዙሪያ በቀይ አፈር ከበበችው። ከጎረቤት አንገረብ፣ ያ በገመድ የሚጠለፈው የሱዳን አልጋ፣ ከነአንሶላው ተዋስን፤ ስድስት ብርጭቆ ተዋስን፤ የድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ሚስት ቀይ ምንጣፍ አዋሰችንና አባየ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ስንጥቁ በሚነሳበት፣ ሰቀለው። ቤታችን እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። የሚያምረው ግን ለሌላ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር።

ገዥው ከላይ የወረደ፣ ቆላ አዲስ የሆነበት የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለለ ገባ። ከርከዴ፣ ያ ቀዩ የሱዳን ሻይ፣ ቀረበለት። ሁለት ሽማግሌዎችም ለምስክር ተጠርተው ተቀምጠዋል። ሰውየው ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ዞረና «እንዲያው የማይነቃነቅ ነው፤ እጅህ ይባረክ» አለ። አባየ አጎንብሶ እጅ ነሳ። ነገሩ አልቆ ነበር።

«ኅዳር ላይ ይሰነጠቃል» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ወንድሜ በጀርባዬ ነበር። «ሚያዝያ ላይ እጄ ይገባል። በምንጣፉ ሥር ነው። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይታያል።»

ነጋዴው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ልጅቱ እውነቷን ነው?» አለ አባየን። አባየ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር፤ «ትንሽ… በበጋ ነው… የአገሩ አፈር ነው» እያለ አንገቱን ደፋ። ሰውየው «እስቲ እናስብበት» ብሎ ጫማውን እያየ ወጣ። አንደኛው ሽማግሌ «አያ፣ ልጅህ ዳኛ ናት፣ ፍርድ ቤት ላካት» ብለው ሳቁ፤ የሳቀላቸው አልነበረም። አባየ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝምም። ምንጣፉን አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ ለባለቤቱ ሊመልስ ሄደ። እማየ አንገረቡ ላይ እንደ ተቀመጠች ረጅም ጊዜ ታየኝ ነበር።

በዚያው ቀረን። እኔ እስከማውቀው ሰውየው አልተመለሰም። እማየ የሚቀጥለውን ክረምት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ተሻገረች፣ ግን በየመስከረሙ እየተንቀጠቀጠች ነበር የምትሻገረው፤ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ስደርብላት ጥርሷ ሲፋጭ እሰማ ነበር። እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ስሰለፍ ከሁሉም በላይ አንገቴ ይታይ ነበር፤ «እሜቴ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መኪና በማያልፍበት ሳምንት፣ የአያቴ መርዶ መጣ። እማየ ለቀብሯም ለአርባዋም አልደረሰችም። ደረቷን እየመታች ስታለቅስ፣ እኔ ስንጥቁ በነበረበት ግድግዳ ጥግ ተለጥፌ፣ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ እል ነበር።

ካደግሁ በኋላ፣ መጻሕፍት አሳታሚ ቤት ተቀጥሬ እያንዳንዱን ቃል መመዘን ሥራዬ ከሆነ በኋላም፣ ያንን ቃሌን ስንት ጊዜ መዝኜዋለሁ። የተናገርኩት እውነት ነበር። ያናገረኝ ግን እውነት መውደድ አልነበረም፤ ከዚያች ስንጥቅ መለየት አልፈልግም ነበር፣ ለዚህም እናቴን ከእናቷ አስቀረሁ። ሰው እውነት ተናግሮም ሊበድል እንደሚችል የተማርኩት ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው።

እና አሁን፣ አባየ ካረፈ በኋላ፣ እማየ አርጅታ «በአገሬ አፈር ልግባ» ማለት ስትጀምር፣ እንደገና ያንኑ ቤት ለመሸጥ፣ እንደገና ጭቃው ፊት ቆምኩ። ዳባት ላይ ታናሽ እህቷ በግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል የምታህል ቦታ ሰጥታታለች፤ ቤቱ ከተሸጠ ክፍሏ ትሠራለች፣ ካልተሸጠ እማየን ሌላ የወባ ወራት እዚሁ ይጠብቃታል። ጋሻው የሚታደሰውን በጣቱ ቆጠረልኝ፤ በሩ ቀለም ይቀባ፣ የሰሊጡ ጆንያ ይውጣ፣ የፕላስቲክ ወንበር ይከራይ፣ ስንጥቁ ይደፈን፣ በላዩም መጋረጃ ይሰቀል። ግማሹን ቀን ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁና «ሌላውን ሁሉ ምረጉት፣ ስንጥቁን ተዉት» አልኩት።

«እትየ፣ ቤት ልትሸጭ ነው ወይስ ልትናዘዢ?»

«ሁለቱንም።»

«ሁለት ገዥ ከመንገድ ተመልሶብኛል። ይች ሦስተኛዋ ናት። እሷ ከሄደች እኔ የለሁበትም» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

ገዥዋ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከባሏ ጋር መጣች። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው፣ እሷ ለሠራተኛው ወጥ እየሠራች፣ እዚያው የቀሩ ባልና ሚስት ናቸው። እማየ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አንገረቧ ላይ ተቀምጣለች። ሴትዮዋን ገና ደጃፉን ስታልፍ እጇን ይዤ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ወሰድኳትና «እህቴ፣ በየበጋው ይከፈታል፤ በክረምት ይገጥማል፤ ተደፍኖም አይቀርም» አልኳት። እሷ ጎንበስ ብላ አየች፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች፣ ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ በሳቅ ፈረሰች።

«ይችን ብለው ነው? ኧረ የኛ ጎረቤትስ ፍየል ታስገባለች! በዋልካ ላይ ያልተሰነጠቀ ቤት ካሳዩኝማ ያኔ ነው እምሸሽ፤ የደበቁት ነገር አለ ማለት ነው።» ወደ እማየ ሄዳም ጉልበቷን ስማ፣ «እናቴ፣ በዚህ ቤት እንደኖሩበት ያኑረን» አለቻት። ጋሻው በእጁ የያዘውን ባርኔጣ መልሶ አደረገ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ከእማየ ጎን ተቀመጥኩ። አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። «እማየ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ከሆነ፣ ያ ነጋዴ በእኔ ቃል ለምን ቀረ?»

«ማን ቀረ አለሽ?» አለች፣ መቁጠሪያዋን ሳታቋርጥ። «በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጥቷል። የሰፈሩን ቤት ሁሉ ዞሮ፣ ያልተሰነጠቀ ሲያጣ። አንቺ ውሃ ወርደሽ ነበር። እኔ ነኝ ከደጅ የመለስኩት።»

«ለምን?»

«አጎትሽ ዳባት ላይ ባል አዘጋጅቶልሽ ነበራ። ገብተን ሻንጣ ሳናወርድ ሊድርሽ። እኔም በያኔው ዕድሜሽ ነው የተዳርኩ፣ ዝም ብዬ ነበር። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት አፍሽን ስሰማ ግን፣ ‹ይችስ ለመዳር አይደለችም› አልኩ። ለአባትሽም ነገርኩት። ደግሞ በስንጥቁ ስታሾልቂ የማላይሽ መስሎሽ ነበር?»

«ወባውስ?»

«ወባማ የለመድኩት ነው።»

ስለ አያቴ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ግን ሰማችው፤ «የእናቴንም ነገር እግዜር ይይልኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

የምንሄድ ቀን፣ ዕቃው መኪና ላይ ወጥቶ ወንድሜ ገመዱን ሲያስር፣ እማየ እጄን ይዛ ወደ ባዶው ቤት መለሰችኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን በስንጥቁ አይታ አታውቅም ነበር። አሁን ዓይኗ ደክሟል። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ስንጥቁን አገኘችውና፣ «ምን ነበር የምታይው?» አለችኝ።

«ሰልፍ። ባንዲራ ሲወጣ። ዳሱን። አስተማሪው በእንጨት ሲያመለክት።»

«አሁንስ?»

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ትምህርት ቤቱ ወደ ላይኛው ሰፈር ከተዛወረ ቆይቷል፤ በቦታው የሰሊጥ መጋዘን ቆሟል። «አሁን ግድግዳ ነው፣ እማየ።»

«እንዲህ ከሆነ እንሂድ» አለች።

አሁን ዳባት ናት። አፈሩ ቀይ ነው፣ አይሰነጠቅም፤ የክፍሏ ግድግዳ ኅዳርም ሚያዝያም ያው ነው፣ መስከረም መጥቶም አላንቀጠቀጣት። ልጠይቃት ስሄድ በግድግዳው ሥር እንቀመጣለን። ያኔ የማየው፣ ያውም በአንድ ዓይኔ፣ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከኋላዬ፣ ከመኝታዋ ላይ፣ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ የሚያየኝ ሌላ ዓይን እንደነበረ አላውቅም ነበር። ዛሬ ከጎኗ ተቀምጬ፣ እሷ ስታንቀላፋ፣ የማየው እሷን ነው።