ለወፎች የተቀመጠች ጣሳ

ዛሬ ጠዋት ሰመራ፣ ቲማቲም ያጠብኩበትን ውሃ ጓሮዬ ላለው ጎመን ሳፈስ፣ ደረቅ አፈር ድንገት ሲረጥብ የሚሰጠው ሽታ አፍንጫዬ ገባ፤ ጎድጓዳ ሳህኔን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠፈር በማለዳ የሚሸተው እንዲህ ነበር።

አባቴ የጣቢያው ሠራተኛ ነበር፣ ከደጋ ያመጣንም እሱ ነው። እናቴ ግን ሙቀቱንም፣ አቧራውንም፣ ከሁሉ በላይ ደህና ጎመን የማይገኝበትን ገበያም አልወደደችውም። «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» እያለች ዓመት ሙሉ ስትተክዝ ከረመችና በመስከረም ቁርጡን ነገረችው፤ የነቢያት ጾም ሳይፈታ ከራሷ ጓሮ አንድ ድስት ጎመን ከቀመሰች ትቀመጣለች፣ አለዚያ እኔንና ታናሽ እህቴን ይዛ ወደ ሀገሯ ትመለሳለች። እኔ አባቴን ትቼ መሄድ ስላልፈለግሁ፣ እሱ ወዲያው የተከለውን ጎመን እንደ ታመመ ሰው ጠዋትና ማታ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር።

አባቴ የባቡር ሰው ነውና ሁሉን የሚሠራው በባቡር ሰዓት ነበር። የእኩለ ቀኑ ባቡር ሲያፏጭ ባልዲውን አንሥቶ ይሮጣል፣ ባቡሩ ሲዘገይ ጎመኑም አብሮ ይጠማል። ደግሞ እንደ ሀገሩ ልማድ አረሙን አንድ ሳያስቀር ነቅሎ መሬቱን እንደ ወለል ጠረገው፤ እርቃኑን የቀረው አፈርም በፀሐይ ተጠበሰ። የተረፈውን ቅጠል ወፎች ሲቦጫጭቁት ጊዜ ባዶ ጣሳ ሰጥቶ እየደበደብኩ እንዳባርራቸው አዘዘኝ። አባረርኳቸው፤ እነሱ ሲሸሹ ትሉ ፈላ።

የሽቦ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘሃራ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት፣ ይህን ሁሉ በሽቦው በኩል ያዩ ነበር። የእሳቸው ባሚያና ቃሪያ ለምለም ነው፤ ሥሩን ደረቅ ሳር ያለብሱታል፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ፀሐይ ሳትወጣ ያጠጡታል። የሰው ጓሮ ውስጥ ገብቶ ማስተማር ነውር ስለሚመስላቸው ብዙ ቀን ዝም አሉ፤ የጣሳዬ ጩኸት ግን አላስቻላቸውም መሰለኝ።

«ወንድሜ» አሉት አባቴን፣ «እነዚህ ወፎች ጎመንህን የሚቦጭቁት ርቧቸው አይደለም፣ ጠምቷቸው ነው። ውሃ አስቀምጥላቸው፤ ትልህን ይለቅሙልሃል፣ ለአንተም ሰደቃ ይሆንልሃል።»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ እኛ በጀሪካን ተሸክመን የምናመጣውን ውሃ ለወፍ! ጾሙ ሲገባ ግን መሳቁን ተወና ጣሳዋን ከእጄ ወሰደ። ትንንሾቹ እንዳይሰጥሙ ድንጋይ ጣል አድርጎባት፣ ሞልቶ ከጓሮው ጥግ ካለው ግራር ሥር አኖራት። በማለዳ ማጠጣትና ሳር ማልበስም ጀመረ። ወፎቹ ከጣሳዋ ጠጥተው በጎመኑ መሐል እየዘለሉ ትል መልቀም ያዙ፤ እናቴ ግን አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ከዚያ እትዬ ዘሃራ ልጃቸው ዘንድ ድሬዳዋ ሄዱ፣ አባቴም ለሥራ ጥቂት ቀን ወጣ። አደራው የእኔ ነበር፣ እኔም በጨዋታ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ትዝ ሲለኝ ደንግጬ ሮጥኩ፤ ጣሳዋ ግን ሙሉ ነበረች። በማግስቱ ማልጄ ስወጣ እናቴን አገኘኋት፤ ከምንጠጣው፣ እንስራ ውስጥ ከቀዘቀዘው ውሃ ለወፎቹ እየቀዳች፣ ሙቀቱን እንደ ልማዷ ትረግማለች።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለችኝ። «እነሱስ ወዴት ይሂዱ?»

ጎመኑ የገና በዓል ሳይደርስ ተቀቀለ። ቀምሳ ጨው ያንሰዋል አለች፣ ድስቱን ግን ጠራርገን ጨረስነው። ስለ መመለስ ከዚያ ወዲያ አላነሣችም። እሷም አባቴም የተቀበሩት እዚያው አዋሽ ነው፤ እትዬ ዘሃራ ከሁለቱም ቀድመው ዐርፈዋል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ሽቦው ተነቅሏል፣ ጓሮው ደርቋል፣ ግራሩ ብቻ ቆሟል። ናፈቁኝ።

እዚህ ሰመራ የጎረቤቴ ግንብ ከራሴ በላይ ነው፤ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚበቅል አላውቅም። የጎመኔ ቅጠል ሰሞኑን ጠርዙ ይቃጠላል፣ ምን እንዳጎደልኩበት አልገባኝም። ጣሳዬን ሞላሁ፣ ወፎቹም መጡ። በአጥር በኩል አይቶ ስህተቴን የሚነግረኝ ሰው ግን የለም።